ተማሪዋ ቆም ማለት መቻሏንም እንፈትን

የነርስ ተማሪዎችን መድኃኒት አሰጣጥ እንዴት እንደምንፈትን ለማየት አንድ ቀላል የሐኪም ትዕዛዝ እንውሰድ። ክብደቱ 10 ኪሎ የሆነ ሕፃን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ክፉኛ ያመዋል። ሐኪሙ ሞርፊን 1 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጠው ብሎ ጽፏል። ተማሪዋ ነርስ አምፑሉን፣ ማለትም መድኃኒቱ ያለበትን ትንሽ ብልቃጥ፣ አነሳች። በላዩ ላይ «10 ሚሊ ግራም በ1 ሚሊ ሊትር» ይላል። ስለዚህ ለልጁ የሚገባው 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ተማሪዋ ግን ነጥቧ ቦታዋን ሳተችባትና 1 ሚሊ ሊትር ሳበች። አሥር እጥፍ ማለት ነው።

የሚያስፈራው ምን መሰላችሁ? ዓይን የሚስብ ምንም ነገር የለም። አንድ አምፑል ተከፈተ፣ አንድ አምፑል ባዶ ሆነ። ስሪንጁ ውስጥ ያለውም ፈሳሽ ትንሽ ነው። ስህተቱ አሥር አምፑል የሚያስከፍት ቢሆን እኮ ሦስተኛው ላይ እጇ ያመነታ ነበር። እዚህ ግን የሚያስቆማት የለም። ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል።

ይህችው ተማሪ ከአንድ ወር በፊት የመድኃኒት ስሌት ፈተናዋን 80 አምጥታ አልፋ ሊሆን ይችላል። 80 በሌላ ትምህርት ደህና ውጤት ነው። በመድኃኒት ስሌት ግን ከአምስት ስሌት አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ያ አንዱ ደግሞ የሆነ ሰው ክንድ ውስጥ ይገባል። የብሪታንያ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መስፈርት ተማሪዎች ለምዝገባ ከመብቃታቸው በፊት ይህን ፈተና 100 ከመቶ እንዲያልፉ ይጠይቃል። ጭካኔ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ለእኔ ግን ከዚህ በታች ያለ ማለፊያ ነጥብ ሊገባኝ አልቻለም። ያላለፈች ተማሪ ተመልሳ ትማር፣ እንደገና ትፈተን፤ ችግር የለውም።

ደግሞ ወረቀቱ ላይ 100 ያመጣች ሁሉ አልጋው ዳር ስትቆም ያው ናት ማለት አይደለም። አሜሪካዊው የሕክምና ትምህርት ምሁር ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን በአራት ደረጃ አስቀምጠውታል። ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በመጨረሻም በየቀኑ ሥራ ላይ ማድረግ። አብዛኛው ፈተናችን ሁለተኛው ላይ ያልቃል። ቢበዛ ሦስተኛው ላይ ይደርሳል፤ ማለትም ተማሪዎች ከጣቢያ ጣቢያ እየዞሩ የሚፈተኑበት ኦስኪ ላይ። ኦስኪ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን አንድ ጣቢያ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱ። ተማሪዋ በታካሚ ፋንታ የተኛው አሻንጉሊት አጠገብ ትቆምና «የታካሚውን ስም እጠይቃለሁ፣ የእጁን መለያ አያለሁ» ትላለች። ጎንበስ አላለችም። መለያውን አልነካችም። ፈታኙ ግን ቼክሊስቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ፈተናው የለካው ማንበልበሏን ነው።

ዋርድ ውስጥ ደግሞ ጸጥታ የለም። ስልክ ይጮኻል፣ አስታማሚ ይጠራል፣ ጎን ያለው አልጋ ጉሉኮሱ አልቋል። በአውስትራሊያ 98 ነርሶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ነርሷ መድኃኒት ስትሰጥ በተቋረጠች ቁጥር በመድኃኒቱ ላይ የሚፈጠረው ስህተት በ12 ከመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። እኛ ግን ተማሪዋን የምንፈትናት ማንም በማያቋርጣት ክፍል ውስጥ ነው። እስቲ መሐል ላይ እንጥራት። ስትመለስ ከየት ትጀምራለች? ካቆመችበት ነው ወይስ ከመጀመሪያው? መልሱ ስለ እሷ ብዙ ይነግረናል።

አምስቱን «ትክክል»ዎች ማንም ተማሪ በእንቅልፉ ይጠራቸዋል፦ ታካሚው፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ መንገዱ፣ ሰዓቱ። እኔ የምመኘው ፈተና የተሳሳተ ትዕዛዝ ያለበት ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ካርዱ ላይ የተጻፈበት ታካሚ የፔኒሲሊን ወገን የሆነው አሞክሲሲሊን ታዞለት ይቅረብ። «ኢንሱሊን 10 ዩኒት» የሚለው ትዕዛዝ 100 በሚመስል የእጅ ጽሑፍ ይጻፍ። ከዚያ ተማሪዋን ዝም ብለን እንያት። «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሐኪሙን ልጠይቅ» ካለች ሙሉ ነጥብ ትውሰድ። አሁን ባለው አሠራር እኮ ያቺ ልጅ ሰዓት ታባክናለች ተብላ ነጥብ ሊቀነስባት ይችላል! ዋርድ ላይም «ይህን እንኳን አታውቂም?» የሚል ፊት ይጠብቃታል። አንዴ እንዲህ የተባለች ተማሪ ሁለተኛ አትጠይቅም። እየገመተች ትሰጣለች።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፤ ሎግ ቡክ፣ ተማሪዋ በልምምድ የሠራችው ተመዝግቦ የሚፈረምበት ደብተር። የልምምዱ የመጨረሻ ቀን ነው። ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በሩ ላይ ተሰልፈዋል። በጡንቻ የተሰጠ መርፌ ይህን ያህል፣ በደም ሥር የተሰጠ ይህን ያህል። «ሲስተር፣ ይፈርሙልኝ።» ሲስተር ደክሟቸዋል፣ ፈረቃቸው አልቋል፣ ልጆቹም ትሑት ናቸው። ሳያዩ ይፈርማሉ። አልፈርድባቸውም። ሠላሳ ታካሚ ይዞ በዚያ ላይ ተማሪ መገምገም አይቻልም። ግን ያ ፊርማ «አይቻታለሁ፣ ትችላለች» ይላል። ማንም አላያትም። ለገምጋሚዋ ነርስ ከታካሚ ነፃ የሆነ ሰዓት የማይሰጥ ተቋም የሚሰበስበው ባዶ ፊርማ ነው። ሃያ ካልታየ መርፌ ደግሞ በደንብ የታየ አምስት ይሻለኛል፤ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሰው የታየ።

ማየት ሲባል መርፌው እስኪገባ ብቻም አይደለም። ከሰጠች በኋላ ወዲያው መዘገበች? ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሳ የልጁን አተነፋፈስ ቆጠረች?

ወደ ሞርፊኑ ልመለስ። እንዲህ ያለ አደገኛ መድኃኒት በሁለት ሰው ይረጋገጣል። ተማሪዋ ስሪንጁን ይዛ ወደ ነርሷ ሄዳ «1 ሚሊ ሊትር ነው አይደል?» ካለች፣ ሥራ የበዛባት ነርስ «አዎ» ልትል ትችላለች። ስሪንጁን ሳታሳይ፣ ቁጥሩንም ሳትናገር ትዕዛዙንና አምፑሉን አቅርባ «እርስዎም ለብቻዎ ያስሉልኝና ስንት እንዳገኙ ይንገሩኝ» ካለች ግን ነርሷ ራሷ ታስባለች፣ 0.1ም ይወጣል። ገምጋሚው ጆሮውን አቁሞ መስማት ያለበት ተማሪዋ ከሁለቱ የቱን እንደጠየቀች ነው።