ቅንፍ አፍራሾቻችን ይመስገኑ

በጅማ ከተማችን ትጉህ ሰው ይከበራል፤ ከትጉሃንም ሁሉ ይልቅ ክብር የሚገባው፣ በፋክተሮቹ፣ ማለትም እርስ በርስ በሚባዙ ቅንፎች፣ ተዘርዝሮ የቀረበለትን ፖሊኖሚያል ፋንክሽን አይቶ ዝም ብሎ የማያልፈው፣ ቅንፎቹን አንድ በአንድ አፍርሶና አባዝቶ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ዜሮዎቹን፣ ማለትም ፋንክሽኑን ዜሮ የሚያደርጉትን የኤክስ ዋጋዎች፣ ፍለጋ የሚወጣው ተማሪ ነው። ነገሩ የአንድ ልጅ ጠባይ ቢሆን ኖሮ በዝምታ ባለፍነው ነበር። ይሁን እንጂ አስጠኚው፣ ወላጁና ጎረቤቱ ተባብረን ያጸደቅነው የጋራ ሀብታችን ስለሆነ፣ ምስጋና ሳይቀርብለት መቅረቱ ነውር ነው።

የእህቴን ልጅ ልወስድ ሄጄ የክረምቱ ዝናብ ባገተኝ ዕለት፣ በአንድ ማስጠኛ ቤት በር ላይ ባለሦስት እግር በርጩማ ስቤ ተቀምጬ፣ ይህን ጥበብ በዓይኔ ለማየት በቃሁ። ሰሌዳው ላይ ኤፍ(ኤክስ) = (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 5)(2ኤክስ − 3) ተብሎ ተጽፎ ዜሮዎቹን ፈልጉ ተብሏል። እዚህ ላይ ሰነፍ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል፦ የሦስት ነገሮች ብዜት ዜሮ የሚሆነው ቢያንስ አንዱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው ይልና፣ እያንዳንዱን ቅንፍ ለብቻው ከዜሮ ጋር አስተካክሎ 2፣ −5 እና 3/2 ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ጀበናው ሳይፈላ ሥራው ያልቃል። የእኛ ልጅ ግን እንዲህ ሆኖ አላደገም።

በመጀመሪያ ሁለቱን ቅንፎች አባዝቶ ኤክስ² + 3ኤክስ − 10 አገኘ፤ ቀጥሎ ውጤቱን በሦስተኛው አባዝቶ፣ ሁለት ጊዜ ሰርዞና አንድ ጊዜ በላጲስ ወረቀቱን ቀድዶ፣ 2ኤክስ³ + 3ኤክስ² − 29ኤክስ + 30 ላይ ደረሰ። ከአፍታ በፊት ፊት ለፊት ቆመው ይታዩ የነበሩት ዜሮዎች በዚህ ጊዜ የሉም። ተቀሽሮና ተለቅሞ የተሰጠውን ቡና መልሶ ከገለባው ጋር ደባልቆ፣ እንደገና ለመልቀም እጅጌውን የሚሰበስብ ሰው በከተማችን እስካሁን አላየሁም፤ ለካስ ደብተር ላይ ኖሯል። ልጁ የ30 አካፋዮችን ዘረዘረ፤ እነርሱኑ ለ2 እያካፈለ፣ አዎንታዊና አሉታዊውን ሳይለይ፣ ዜሮ ሊሆኑ የሚችሉ 24 እጩዎች አሰለፈ። 1ን ቢያስገባ 6 ወጣ። −1ን ቢያስገባ 60 ወጣ። በ2 ላይ ዜሮ ሲመጣለት ፊቱ በራ። ከዚያ በኤክስ − 2 አካፍሎ 2ኤክስ² + 7ኤክስ − 15 ሲያገኝ፣ ይህንኑ በፋክተር በትኖ፣ በገጹ ግርጌ (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 5)(2ኤክስ − 3) ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረበት። ቀና ብሎ ሰሌዳውን አላየም፤ ምን ጊዜ አለው?

አስጠኚው ደብተሩን ተቀብሎ ገጾቹን አገላበጠና "በርታ!" አለ። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ግን አራት መስመር ብቻ ጽፋ ስላቀረበች ነገሩ አሳሰበው።

"ከማን ገለበጥሽው?"

"አልገለበጥኩም ቲቸር፤ ቅንፎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።"

"እሺ፣ ሥራው የታለ?"

ልጅቷ መልስ አልነበራትም። እኔም በእህቴ ልጅ ኮራሁ፤ ሦስት ገጽ ቀልድ አይደለም።

የ(ኤክስ + 5) ዜሮ 5 ነው የሚሉ ወገኖችም አሉ፤ ሰውዬው የተጻፈውን እንዳለ በማንበቡ አይወቀስምና እነርሱን አልነካም። ከሁሉ የላቁት ግን ፍትሐዊዎቹ ናቸው። (ኤክስ − 2)(ኤክስ − 3) = 2 ሲሰጣቸው፣ ለዜሮ የተፈቀደ መብት ለ2 ለምን ይከለከላል በሚል ቅን ስሜት ሁለቱንም ቅንፎች ከ2 ጋር ያስተካክሉና 4 እና 5 ይላሉ። ክፋቱ 4 በዕድል ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ግማሽ ነጥብ ያገኘ ስህተት ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። ቅንፍ ማፍረስ በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ነበር፦ አባዝቶ፣ 2ን ወደ ግራ አሻግሮ፣ ኤክስ² − 5ኤክስ + 4 = 0 ካሉ በኋላ እንደገና በፋክተር በትኖ 1 እና 4 ማለት ይቻል ነበር። አፍራሾቻችን ግን እዚህ ስፍራ ሲደርሱ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ማፍረሱ ካስፈለገ ምኑን ደስ ይላል?

ሁለተኛው ጥያቄ አምስት ቅንፎች ነበሩት። ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ ኒልስ ሄንሪክ አቤል እ.ኤ.አ. በ1824 እንዳረጋገጠው፣ ለአምስተኛ ዲግሪ እኩልታ፣ ማለትም አምስት ቅንፎች ሲባዙ እንደሚወጣው ኤክስ⁵ ላለበት፣ በአራቱ መደበኛ ስሌቶችና ሥር በማውጣት ብቻ የሚሠራ አጠቃላይ ቀመር የለም። እንግዲህ አምስቱን ዜሮዎች ተሸክሞ የመጣውን ጥያቄ አባዝቶ እዚያ ገደል አፋፍ ድረስ መውሰድ የድፍረት ሥራ ነው። ልጅቷ ጨርሳ በመስኮት ዝናቡን ታያለች። የእህቴ ልጅ ሦስተኛውን ቅንፍ ሲያባዛ ቆይቶ ዞር አለና "ጋሼ፣ ወረቀት አለቀብኝ" አለኝ።

ዝናቡ እስኪያባራ አልጠበቅሁም፤ ባለ 100 ገጽ ደብተር ልገዛለት ወጣሁ።