ግልጽ ደብዳቤ ለአፍንጫዬ ትራስ

ለክቡር የአፍንጫ ትራስ
አልጋ ራስጌ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ የአየር ኪራይ እንዲቀነስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ለክቡርነትዎ ያለኝን የከበረ ሰላምታ እያስቀደምኩ፣ ይህን ማመልከቻ የምጽፈው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ። የቀሰቀሱኝ ክቡርነትዎ ነዎት። በግራ ጎንዎ የጤፍ ፍሬ የምታህል ስንጥቅ አውጥተው ነፋሱን ወደ ዓይኔ ሲለቁት፣ ባለቤቴ በእንቅልፍ ልቧ «ጀበናው ገነፈለ፣ አውርደው» አለችኝ። ጀበና አልጣድንም። የገነፈለው የእርስዎ ሥልጣን ነው።

ለማያውቁዎት ላስተዋውቅዎ። ክቡርነትዎ ከሲሊኮን የተሠሩ፣ ግማሽ መዳፍ የማይሞሉ፣ ከአፍንጫዬ ሥር የሚቀመጡ ለስላሳ ነገር ነዎት። ከእርስዎ ኋላ ማሰሪያ፣ ከማሰሪያው ኋላ ቱቦ፣ ከቱቦው ኋላ ደግሞ በእንቅልፌ ትንፋሼ እንዳይቆም ሌሊቱን ሙሉ አየር የሚነፋ ሲፓፕ የሚባል ማሽን አለ። ልጄ በዚህ ትጥቅ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን «አባዬ ዝሆን ሆነ» ብላ ለጓደኞቿ አወራች። ዝሆን ግን ለኩምቢው አይከፍልም።

የራሴን ትራስ ከስድስት ዓመት በፊት በ12 ዶላር ገዛሁት። እስከ ዛሬ ጭንቅላቴን ከነጭንቀቱ ተሸክሞ ያድራል። የአፍንጫዬ ትራስ ግን 38 ዶላር ያወጣሉ፤ በዕቃ መቀየሪያው ሰንጠረዥ መሠረት ዕድሜዎ ሁለት ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት! የጠላ እንስራ እንኳን ከዚያ የበለጠ ዕድሜ አለው።

ወደ ቤቴ እንዴት እንደገቡ ያስታውሳሉ። የታክሲ ሹፌር ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ቀይ መብራት ላይ ቆሜ አንቀላፋሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ተመልሶ ቀላ፤ ከኋላዬ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ጥሩንባውን ሲያስጮህ ነው የነቃሁት። ተሳፋሪዋ ሒሳቧን ከፍላ እዚያው ወረደች። ሐኪም ዘንድ ስሄድ ጣቴን ቆንጥጦ ደረቴ ላይ የሚታሰር መመርመሪያ ሰጥተውኝ አንድ ሌሊት ቤቴ ይዤው አደርኩ። ውጤቱ በሰዓት 41 ሆነ። በእያንዳንዱ ሰዓት 41 ጊዜ ትንፋሼ ይቆማል ወይም ይሳሳል ማለት ነው፤ አንዱም ከ10 ሰከንድ አያንስም። ከ30 በላይ ከሆነ «ከባድ» ይባላል። በትምህርት ቤት ዘመኔ ማለፊያውን በዚህን ያህል የበለጥኩበት ፈተና አላስታውስም።

ነገሩ በቤተሰባችን አዲስ አልነበረም። አባቴ ሲያንኮራፋ የቆርቆሮው ጣሪያ ያጅበው ነበር፤ ጎረቤቱም «ዛሬስ ጠግቦ ነው ያደረው» ይል ነበር። ድንገት ዝም ሲል እናቴ በክርኗ ትጎስመዋለች፤ እሱም አየሩን በረጅሙ ስቦ ይቀጥላል። አሁን ሳስበው የእናቴ ክርን ሲፓፕ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ አይቀየርም፣ ማጣሪያ አይፈልግም፣ የሐኪም ማዘዣም አልተጻፈበትም።

ማሽኑን አልገዛሁትም፤ ተከራየሁት። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ለሲፓፕ የ13 ወር ኪራይ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ የታካሚው ይሆናል። የእኔ ኢንሹራንስ የግል ቢሆንም ይህንኑ ሥርዓት እንደ ዳዊት ይደግማል። አገሬ «የ13 ወር ጸጋ» እያለች ፀሐይዋን ለዓለም ስታስተዋውቅ ኖራለች፤ እኔ ውቅያኖስ ተሻግሬ የ13 ወር አየር ተከራየሁ። ጳጉሜን የሚያውቅ የአሜሪካ ድርጅት ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ኪራዩም ዝም ብሎ አይሰጥም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ተከታታይ 30 ቀናት ተመርጠው፣ ከሌሊቶቹ 70 በመቶ በሚሆኑት ቢያንስ ለ4 ሰዓት ማሽኑን አድርጌ መተኛቴ መረጋገጥ አለበት። የሚያረጋግጠው ማን ነው? በማሽኑ ሆድ ውስጥ የተሸጎጠች፣ እንደ ሞባይል ስልክ የሌሊቱን መረጃ የምትልክ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ናት። እኛ በጆሮ ጠቢ ዘመን ያደግን ሰዎች ነን፤ ከማን ፊት ምን እንደማይወራ እናውቃለን። አፍንጫ ጠቢ ግን ገጥሞን አያውቅም ነበር።

የእኔ 30 ቀን ደግሞ ፋሲካ ላይ ዋለ። የትንሣኤን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አደርኩ። በዚያው ሰሞን የአንድ ወዳጄ እናት አገር ቤት ዐርፈው ሁለት ሌሊት ለቅሶ ቤት አመሸሁ፤ ቤቴ የገባሁት ሊነጋ ሲል ነው። በሳምንቱ ከዕቃ አቅራቢው ድርጅት አንዲት ሴት ደውላ ሦስት ሌሊት መጥፋቴን ነገረችኝ። «ጌታ በተነሣበት ሌሊት እኔ እንዴት እተኛለሁ?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ቅጹ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለም» አለችኝ። ማለፊያው 21 ሌሊት ነበር፤ በ22 አለፍኩ።

ክቡር ሆይ፣ ከማሽኑ ጋር ጠብ የለኝም። እውነቱን ልናገርና፣ እሱን ካደረግሁ ወዲህ ቀይ መብራት ላይ አላንቀላፋሁም፤ ባለቤቴም ትንፋሼን ስትጠብቅ ማደር ትታለች። ጠቤ ከእርስዎ ጋር ነው። ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ቅመም በምትመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩዎት። 10 ግራም። «ኪሎው 3,800 ዶላር መጣ» አልኳት። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የሚመጣላትን ኮረሪማ ውድ ነው እያለች ስትነጫነጭ የኖረች ሴት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ኮረሪማ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሒሳቡን ቀጠልኩበት። የማሽኑ ኪራይ በወር 70 ዶላር ነበር፤ በ13 ወር 910 ዶላር ሆኖ አበቃ። ክቡርነትዎ በወር ሁለት ጊዜ፣ በዓመት 24 ጊዜ ይሾማሉ፤ 24 ጊዜ 38 ደግሞ 912 ነው። ሞተር ያለውን፣ ኮምፒውተር ያለውን፣ ከሰላይ ጋር የሚነጋገረውን ማሽን በአንድ ዓመት በ2 ዶላር በለጡት። ማሽኑ አምስት ዓመት እንዲያገለግል ይጠበቅበታል፤ እርስዎ አምስት ዓመት ቢነግሡ ምን እንደሚሆን ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት እንጂ አልደመርኩም።

ለመሆኑ የዘር ሐረግዎን ያውቁታል? ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ሲድኒ ውስጥ ይህን ሕክምና ሲጀምር፣ አየሩን የነፋው በቫኩም ክሊነር ሞተር ነበር። ምንጣፍ የሚጠርገውን ሞተር መሳብ አስትቶ መንፋት አስተማረው። ጭንብሉም በየማታው በሲሊኮን ማጣበቂያ ፊት ላይ ይለጠፍ ነበር ይባላል። አያትዎ ማጣበቂያ፣ ቅድመ አያትዎ መጥረጊያ ናቸው ማለት ነው። እኔ የሰው ዘር አልቆጥርም፤ ግን ሰው ዋጋውን ሲያንር ትውልዱን ማስታወስ ግድ ይላል። የሚነፉልኝም ነፋስ ቢሆን 11 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚያነሳ ግፊት ብቻ ነው። የሰፈራችን ሴቶች እርጥብ ከሰል ሲያቀጣጥሉ በነጻ እፍ ይሉት የነበረ ነገር ነው።

ደግሞ የዋጋዎ አወጣጥ! ከእርስዎ ጋር አንድ የሆነ፣ በአንድ ፋብሪካ የተሠራ፣ በአንድ ዓይነት ላስቲክ የታሸገ ወንድምዎ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው በኢንተርኔት 21 ዶላር ይሸጣል። እኔ ኢንሹራንስ ስላለኝ 38 እከፍላለሁ። በየወሩ ለኢንሹራንስ የምከፍለው 17 ዶላር ለማትረፍ ሳይሆን 17 ዶላር ለመጨመር ኖሯል። «ታዲያ ለምን ከዚያ አትገዛም?» አለኝ አንድ የታክሲ ባልደረባዬ። ገዛሁ። ነገር ግን ኢንሹራንሱ መክፈል የሚጀምረው በየዓመቱ ከኪሴ የተወሰነ ገንዘብ ካወጣሁ በኋላ ነው፤ በርካሽ የገዛሁበት 21 ዶላር ደግሞ ከዚያ ሒሳብ አይገባም። በውድ ስገዛ ተቆጥሮልኛል፤ በርካሽ ስገዛ እንዳልታመምኩ ሆኛለሁ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ዘመዶችዎም ብዙ ናቸው። ማጣሪያው በወር ሁለት፣ ቱቦው በሦስት ወር፣ የራስ ማሰሪያውና የውሃ ማጠራቀሚያው በስድስት ወር ይቀየራሉ። እኔ አላዘዝኳቸውም፤ በስልክ የተቀዳ ድምፅ ደውሎ «ዕቃዎ ደርሷል፣ ለመቀበል አንድን ይጫኑ» ይላል። አለመቀበል ስንት ቁጥር እንደሆነ እስኪናገር ታግሼ አላውቅም። የሚስቴ ወንድም ደግሞ አዝኖልኝ በ300 ዶላር እርስዎን በኦዞን የሚያጥብ ሳጥን ገዛልኝ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያሉትን ሳጥኖች እንዳልፈቀዳቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ማስጠንቀቁን ያነበብኩት ካመሰገንኩት በኋላ ነው። ሳጥኑ አሁን ሽንኩርት ይቀመጥበታል። እርስዎን በፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥብዎታለሁ፤ ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት አዲስ አበባ ወሰድኩዎት። ከመሄዴ በፊት የማሽኑን መመሪያ አነበብኩ፤ እስከ 2,591 ሜትር ከፍታ ድረስ ራሱን ያስተካክላል ይላል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር አካባቢ ናት፤ እንጦጦ ላይ ካላደርኩ በስተቀር ሕጋዊ ነኝ። አየር ማረፊያ ላይ ፈታሹ ቱቦውን አንስቶ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ትንፋሼ ነው» አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝና «ለንግድ ነው?» አለ። አክስቴ ቤት ሁለተኛው ሌሊት ላይ መብራት ጠፋ። አክስቴ ሻማ ይዘው ገብተው እንደዚያ ታጥቄ ተጋድሜ ሲያዩኝ «ልጄን አሜሪካ ምን አደረጉብኝ!» ብለው ደረታቸውን መቱ።

አብሮ አደጌን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። እሱም በሽታዬን ታሟል፤ ማሽኑን አንድ ዘመዱ ከውጭ አምጥቶለታል፤ መለዋወጫው ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። የእሱን የአፍንጫ ትራስ አሳየኝ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር አገልግለዋል። ከነጭነት ወደ ሻይ ቀለም ዞረዋል፤ በግራ በኩል ያለውን ስንጥቅ በቁስል ፕላስተር ጠግኖታል፤ ፕላስተሩን በየሦስት ቀኑ ይቀይራል፤ ትራሱን አይቀይርም። ከሻንጣዬ ስድስት ያልተከፈቱ ወንድሞችዎን ሳወጣ አንድ በአንድ ቆጠራቸውና «ይህ ሁሉ የማን ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው። በሦስት ወር ውስጥ የደረሰኝ።»

«ስንት አፍንጫ አለህ?»

አምስቱን ሰጠሁት። አንዱን ያስቀረሁት ለመመለሻ ነው፤ ያ አንዱ እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እያስያዝኩ ስለምልክ፣ በሰንጠረዡ መሠረት ጡረታ መውጣት ከነበረብዎት ብዙ ወራት አልፈዋል። የዛሬ ሌሊት ስንጥቅዎ ምናልባት አድማ ሊሆን ይችላል፤ ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ዋጋዎን ወደ 21 ዶላር ዝቅ እንዲያደርጉልኝ፣ የሥራ ዘመንዎን ቢያንስ እንደ አብሮ አደጌ ትራስ እንዲያራዝሙልኝ፣ ይህ ካልሆነም ኪሎዎን ከኮረሪማ በታች እንዲያወርዱልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ምላሽዎን እየጠበቅሁ በግራ ጎንዎ ላይ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ቁጥጥሩ ካበቃ ሁለት ዓመት ቢያልፍም ማሽኑን ስመለከተው ዛሬ ሌሊት የተኛሁት ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው ይላል፤ ለአራት ሰዓቱ አርባ ደቂቃ ይቀረኛል፤ ልተኛ።

ከሰላምታ ጋር
ተከራይዎ

ግልባጭ፦
ለራስ ማሰሪያው
ለቱቦው
ለማጣሪያው፣ ተራው ሲደርስ እንዲዘጋጅ
ለባለቤቴ፣ ጀበናው እንዳልገነፈለ እንድታውቀው