ለጎረቤት ግንድ መሳለም

የጎብኚን ትጋት ማየት የፈለገ ኬንታኪ ይሂድ። ከሆጅንቪል ከተማ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ የአብርሃም ሊንከን ትውልድ ቦታ ይገኛል። ጉብታው ላይ እ.ኤ.አ. በ1911 የተመረቀ ባለ ዓምድ የግራናይት ቤት ቆሟል፤ ውስጡ ሊንከን ተወለደባት የተባለች አንዲት የግንድ ጎጆ አለች።

ደረጃው 56 ነው፣ በሟቹ ዕድሜ ልክ። ብርቱው ጎብኚ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይወጣል። አርባ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው ዞር ብሎ አገሩን ያደንቃል፤ ፊቱን ሲመልስ ቁጥሩ ጠፍቶበታል። ግድ የለም፣ ላይ ሲደርስ «ሃምሳ ስድስት!» ይላል፤ አስቀድሞ ተነግሮታል። ገብቶ ደግሞ 16ቱን መስኮት ይቆጥራል። 16ኛው ፕሬዝዳንት ነዋ! ይህን ያህል የደከመ ሰው፣ ፓርኩ ራሱ ጎጆዋን «ምሳሌያዊ» እያለ መጥራቱን ሳይሰማ ቢያልፍ ማን ይፈርድበታል?

ጎጆዋማ ብዙ አይታለች። በ1890ዎቹ አንድ የኒው ዮርክ ምግብ ቤት ባለቤት እርሻውን ገዛና ከጎረቤት የተገኘ ጎጆ አስፈርሶ እዚህ አስተከለ። ብዙም ሳይቆይ ተነቅላ ለትርኢት ትዞር ጀመር። በ1897 ናሽቪል ላይ የጄፈርሰን ዴቪስ ነው ከተባለ ጎጆ ጋር ቀረበች፤ ኋላ በየመጋዘኑ ስትንከራተት የሁለቱ ግንድ ተቀላቀለ። ሊንከንና በእርስ በርሱ ጦርነት የተዋጋው የደቡቡ መሪ ዴቪስ እንዲያ ያለ እርቅ በሕይወት አላገኙም። ግራናይቱ ቤት ሲሠራ ደግሞ ጎጆዋ ሰፍታ ለሰው መዞሪያ ጠፋ፤ ግንዱ ተቆርጦ 17 በ12 ጫማ ሆነች። ቤቱ ለጎጆዋ ተሠራ፣ ጎጆዋ ለቤቱ ተቆረጠች፤ ምን ይወጣለታል?

እ.ኤ.አ. በ2004 የግንዶቹ የዕድገት ቀለበት ሲመረመር፣ ዕድሜው ከታወቀው ሁሉ አሮጌው የ1848 ሆኖ ተገኘ። ሊንከን የተወለደው በ1809 ነው፤ በ1848 የ39 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ዋሽንግተን ምክር ቤት ተቀምጦ ነበር። ጎብኚው ግን እንዲህ ባለ ጥቃቅን ነገር ስሜቱን አያበላሽም። ልጁን ሰንሰለቱ ፊት ያቆምና «እዚችው ውስጥ ነው የተወለደው» ብሎ ፎቶ ያነሳል። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ወይ የልጁ ጭንቅላት ወይ የጎጆዋ ጣሪያ ይቆረጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው የልጁ ነው።

ከደረጃው ግርጌ አጠገብ ሲንኪንግ ስፕሪንግ የሚባለው ምንጭ አለ፤ እርሻው ስሙን ያገኘው ከሱ ነው፣ የሊንከን ቤተሰብም ውኃ የቀዳው ከዚያው ነው። በቦታው ላይ ሳይነቀል፣ ሳይዞር፣ ሳይቆረጥ የቀረ እሱ ነው። ግን ጨለምለም ያለ ጉድጓድ ነው፣ ፎቶ አይወጣለትም። ወደዚያ የሚወርደው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚል ሙግተኛ ብቻ ነው።

ቀኑ ካልመሸ ሊንከን ልጅነቱን ያሳለፈበት ኖብ ክሪክ ቅርብ ነው። እዚያም ጎጆ አለ፤ እሱም የተሠራው ከጎረቤት ግንድ ነው። ስልክ ቻርጅ አድርጎ መሄድ ነው።