የቤትዎን ዲድ ማንም ይየው?

አሜሪካ ውስጥ ቤት ሲገዛ ዲዱ፣ ማለትም ሻጭ ቤቱን ለገዢ ያስተላለፈበት ሰነድ፣ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ዘንድ ይመዘገባል። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የገዛ ሰው ሰነዱ የሚያርፈው ሮክቪል፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ጋ ነው። ከዚያ ወዲያ የሜሪላንድ የመሬት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አካውንት የከፈተ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ከዚህ ጽሑፍ ሁለት አቅራቢዎች አንዷ ይህ በር ይዘጋ ትላለች። ሌላው ክፍት ይሁን ባይ ነው።

ይዘጋ ባይ፦ ቤት የገዛ ሁሉ ክሎዚንግ (የግዢው መዝጊያ ፊርማ) ካለቀ በኋላ የሚመጣውን ያንን ፖስታ ያውቀዋል። ሲያዩት የመንግሥት ይመስላል። ስምዎ፣ አድራሻዎ፣ ዲዱ የተመዘገበበት ቀን፣ አንዳንዴም የብድሩ መጠን ሳይቀር ቁጭ ብሏል። «የዲድዎን ኮፒ ከፈለጉ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ» ይላል። ታች በደቃቅ ፊደል «የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለንም» የሚል አለ፤ ማን ያነበዋል? እናቶቻችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያዩ ደንግጠው ይከፍላሉ። መረጃውን ግን ለላኪዎቹ ማን ሰጣቸው? ካውንቲው ራሱ።

ይሄ እንግዲህ ቀላሉ ነው። በ2020 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንድ ሰው የፌዴራል ዳኛ ኤስተር ሳላስ ቤት ድረስ መጥቶ ልጃቸውን ገደለ። ስቴቱ በዚያው ዓመት የዳኞችን የቤት አድራሻ የሚሸፍን ሕግ አወጣ። ለዳኛ የተገባው ለእኔ ለምን አይገባም?

ይከፈት ባይ፦ እህቴ፣ ያ ፖስታ እኔንም ያናድደኛል። ቀዶ መጣል ነው። ከጥቃት ለሸሸ ሰው አድራሻ መሸፈኛ ፕሮግራም ሜሪላንድም ሌሎች ብዙ ስቴቶችም አላቸው፤ በዚህ አንጣላም።

ግን ዲድን ከአዲስ አበባው ካርታ ጋር አናምታታው። ካርታ መንግሥት «ይዞታው የእገሌ ነው» ብሎ የሚሰጠው ነው። ዲድ ሻጭ ለገዢ የፈረመው ወረቀት ነው። ካውንቲው ማኅተም ሲመታበት «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ደርሶኛል» ማለቱ ነው። ጸሐፊው የሚያየው ፊርማና ኖታሪ (የፊርማ አረጋጋጭ) መኖሩን፣ ታክሱ መከፈሉን ነው። ሻጩ እውነተኛ ባለቤት ይሁን አይሁን አያጣራም።

ታዲያ ባለቤትነት በምን ይታወቃል? የዛሬው ሻጭ ከማን ገዛ፣ ያኛውስ ከማን ገዛ እያሉ መዝገቡን ወደ ኋላ በመቁጠር። ታይትል ካምፓኒ (ይህን የሚያጣራው ድርጅት) ገንዘብ የሚቀበለን ለዚህ ነው። አንዱ አጭበርባሪ ቤቱን ጠዋት ለእርስዎ፣ ከሰዓት ለእኔ ቢሸጥ፣ የእርስዎን ግዢ ሳላውቅ ገዝቼ ቀድሜ ካስመዘገብኩ በብዙ ስቴት እኔ ልረታ እችላለሁ። ሕጉ «መዝገቡ ክፍት ነው፣ ፈጥነሽ አስመዝግቢ፣ ሌላውም ገብቶ ይየው» የሚል ነው። ማሳቹሴትስ ይህን የጀመረችው በ1640 ነው። መዝገቡ ከተዘጋ ይህ ፍርድ ግፍ ይሆናል።

አዲስ አበባ ቤት የገዛ ሰው ይፍረደኝ። እዳና እገዳ መኖሩን ለማወቅ በአብዛኛው ሻጩን ይዞ መሄድ፣ ካልሆነም ውስጥ ሰው መፈለግ ነው። እዚህ አገር እኔ ማታ ሶፋዬ ላይ ሆኜ አየዋለሁ።

ይዘጋ ባይ፦ ሌባውም ሶፋው ላይ ሆኖ ነው የሚያየው! ደግሞ «ካውንቲው አያጣራም» ያሉት ነገር ነው ዋናው ስጋቴ። ሜምፊስ ያለውን የዝነኛውን ዘፋኝ የኤልቪስ ፕሪስሊን ቤት፣ ግሬስላንድን ያስታውሱ። አንዲት የሚዙሪ ሴት የኤልቪስ ልጅ 3.8 ሚሊዮን ዶላር ተበድራ ቤቱን አስይዛለች የሚል ሐሰተኛ ሰነድ ቤቱ ባለበት በሼልቢ ካውንቲ መዝገብ አስገባች። ቤቱ በግንቦት 2024 ለሐራጅ ሊቀርብ ሲል ዳኛ አገደው። ሴትዮዋ በ2025 ተፈረደባት። መልካም። የኤልቪስ የልጅ ልጅ ግን ጠበቃ አላት። ብድሯን ጨርሳ፣ ቤቷን ቆልፋ አዲስ አበባ የከረመች የሲልቨር ስፕሪንግ እናት ማን አላት? ሌቦቹ የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን፣ ብድር የሌለበትን ባዶ ቤት ነው። ብድር እንደሌለበት የሚነግራቸውም ያው መዝገብ ነው።

ይከፈት ባይ፦ ግሬስላንድን ማንሳትዎ የጠቀመው እኔን ነው። ሐሰቱ የተጋለጠው ወረቀቱ በአደባባይ ስለታየ ነው። በሰነዱ ላይ ስሟ የሰፈረው የፍሎሪዳ ኖታሪ «እኔ አላረጋገጥኩም» ብላ መሰከረች። መዝገብ ቢዘጋ ፎርጅድ የሚያስገባው ሰው ከማስገባት አይቀርም። የማያየው ባለቤቱ ብቻ ይሆናል።

ሌላም አለ። ሲያትል ውስጥ ጥቁሮች እንዳይገዙ የሚከለክሉ አንቀጾች በአሮጌ ዲዶች ላይ አሉ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የለቀሟቸው ከካውንቲ መዝገብ ነው። በ2023 የዋሽንግተን ስቴት ሕግ አውጥቶ በአብዛኛው በሚመዘገብ ሰነድ ላይ 100 ዶላር ጨመረ፤ ገንዘቡ ከሚያዝያ 1968 በፊት እዚያ ይኖሩ ለነበሩ ተጎጂዎችና ልጆቻቸው የቤት መግዣ እርዳታ ይውላል። (እኛ የኋላ መጤዎች ከእርዳታው የለንበትም፤ ከክፍያው ግን አለንበት።) መዝገቡ ዝግ ቢሆን ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ይዘጋ ባይ፦ ተመራማሪ ይከልከል መች አልኩ? የፈለገ ሮክቪል ሄዶ፣ መታወቂያ አሳይቶ ይይ።

ይከፈት ባይ፦ ሮክቪል ሄዶ ሰልፍ መያዝ ለኩባንያ ምኑም አይደለም፤ ሠራተኛ ይልካል። የምትቀረው ሁለት ሥራ የምትሮጠው ነርስ ናት። ይልቅ በስምዎ ሰነድ ሲገባ በኢሜይል የሚያሳውቅ ነፃ ማንቂያ ያላቸው ካውንቲዎች ብዙ ናቸው። ሎስ አንጀለስ ዲድ ሲመዘገብ ለባለቤቱ በፖስታ ያሳውቃል። ይህ በሁሉም ካውንቲ ይሁን ብለው ፊርማ ካሰባሰቡ፣ እኔ እፈርማለሁ።

ይዘጋ ባይ፦ እሱንም ቢሆን የሚነግሩኝ ከመዘገቡት በኋላ ነው። ይሰረዝልኝ ብዬ ጠበቃ ከፍዬ ፍርድ ቤት የምመላለሰው እኔው። ማኅተሙን ከመምታታቸው በፊት አንድ ስልክ ይደውሉልኝ፤ ያኔ ስለ ድረ ገጹ እንነጋገራለን።