የዲሲን ታሪካዊ ቤት የሚሸጥ ሰው ከኩሽናው በፊት የፈቃድ ፋይሉን ያድስ

በዋሽንግተን ዲሲ በሾው፣ በሌድሮይት ፓርክ፣ በብሉሚንግዴልና በዩ ስትሪት ዙሪያ ከዓመታት በፊት የጡብ ሮው ሀውስ (ጎን ለጎን የተያያዘ ቤት) የገዙ ሐበሾች ዛሬ አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ አንዳንዶቹ ሜሪላንድ ካሉ ልጆቻቸው አጠገብ መሆን ይፈልጋሉ፣ ሌሎቹም አዲስ አበባ ተመልሰዋል። ቤቱ ለገበያ ሊወጣ ሲል ከዘመድም ከሪልተርም (ከቤት ሽያጭ ወኪሉም) የሚመጣው ምክር አንድ ነው፦ «ኩሽናውን አድሱት።» ሰፈሩ በታሪካዊነት የተመዘገበ ከሆነ ይህ ምክር ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ገዢ የኩሽናውን ካቢኔ በራሱ ምርጫ ይቀይረዋል። ያለ ፈቃድ የተሠራ የፊት መስኮት ግን ዋጋ ያስቀንሳል፣ ክሎዚንግ (ሽያጩ የሚጠናቀቅበትን ፊርማ) ያዘገያል፣ አንዳንዴም ገዢውን ጨርሶ ያሸሻል።

መጀመሪያ አንድ ስህተት እናርም። «ላንድማርክ ነው» ሲባል ሚስማር መምታት እንኳ የሚከለከል የሚመስለው ብዙ ነው። የዲሲው የቅርስ ጥበቃ ሕግ ከ1978 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ በታሪካዊ ሰፈር ውስጥ ባለ ተራ መኖሪያ ቤት የሚቆጣጠረው ውጪውን ነው። ውስጡን አፍርሶ መሥራት የተለመደውን የግንባታ ፈቃድ እንጂ የከተማውን የቅርስ ጥበቃ ቦርድ ይሁንታ አይጠይቅም። የበሩ ቀለም ቀይ ይሁን አረንጓዴም አብዛኛውን ጊዜ ማንም አያገባውም። መስኮት መቀየር ግን፣ መጠኑ ባይለወጥም፣ ፈቃድ ይፈልጋል። ጣሪያ፣ የፊት ደረጃ፣ አጥርና ከኋላ የሚቀጠል ክፍልም እንደዚያው። አብዛኛውን ማመልከቻ የቅርስ ጥበቃ ቢሮው ባለሙያዎች እዚያው ያጸድቁታል፤ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ትልልቁ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሪልተር ከመጥራት በፊት የቤቱ አድራሻ በከተማው የሕንፃዎች መምሪያ መዝገብ ይፈለግ። እስከ 2022 ድረስ ይህን ሥራ የያዘው ዲሲአርኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነበር፤ በዚያ ዓመት ጥቅምት ለሁለት ተከፈለ። የድሮ ወረቀት ላይ የቀድሞው ስም ቢኖር አያስደንግጥ። ከዚያ በቤቱ ላይ የተሠራው ሁሉ በአንድ ወገን፣ የወጣው ፈቃድ በሌላ ወገን ይጻፍ። ሁለቱ ካልተገናኙ ክፍተቱን የገዢው ጠበቃ ወይም ቤቱን የሚመረምርለት ኢንስፔክተር ሳያገኘው ሻጩ ቢያገኘው ይሻላል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ባለቤቱ ሲቀየር አብሮ አይለቅም፣ ጣጣው ለአዲሱ ባለቤት ይተርፋል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ወይ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ወይ ማስተካከያው እስኪያልቅ ከሽያጩ ገንዘብ ላይ እንዲያዝለት ይጠይቃል።

በብዛት የሚገኘው ጥፋት የፊት መስኮት ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተው የእንጨት መስኮት ወጥቶ በርካሽ ቪኒል ይተካል። ሁለተኛው የፊት ግቢ ነው፤ ይህኛው ብዙ ሰው ያስገርማል። በዲሲ የድሮ ሰፈሮች ከቤቱ ፊት ያለው አትክልት ቦታ በአብዛኛው የባለቤቱ አይደለም፣ የመንገዱ አካል የሆነ የከተማው መሬት ነው። ባለቤቱ እንዲንከባከበው የተተወው ከ1870 ጀምሮ ባለ ሕግ ነው። እዚያ ላይ ሲሚንቶ አፍስሶ መኪና ማቆሚያ ያደረገ ሰው በማስታወቂያው «ፓርኪንግ አለው» ብሎ ባይጽፍ ለራሱ ይበጀዋል።

ጡቡ ራሱን የቻለ ወግ ነው። በእነዚህ ቤቶች ፊት ለፊት ያለው ጡብ ልሙጥ ነው፤ በመካከሉ ያለው ማልታ (ጡቡን የሚያያይዘው ድብልቅ) ሦስት ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። ማልታው ኖራ ስለሆነ ከጡቡ ይለሰልሳል፤ ሆን ተብሎ ነው። ግድግዳው ውስጥ የገባ እርጥበት በኖራው በኩል ተንፍሶ ይወጣል፣ ጡቡ በሙቀት ሲሰፋም ኖራው ይታዘዝለታል። ቤት ሊሸጥ ሲል የሚጠራው ግንበኛ ግን በግራይንደር መጋጠሚያውን አስፍቶ በሲሚንቶ ስቲላቱራ (የመጋጠሚያ አሞላል) ይሠራበታል። ለአንድ ዓመት ያምራል። ከዚያ እርጥበቱ በጡቡ ፊት መውጣት ይጀምራል፣ በብርድ ይረጋል፣ የጡቡንም ፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያነሳዋል። የጎደለ ጡብ ይተካል፤ በግራይንደር የሰፋ መጋጠሚያ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። መለየት የፈለገ በቁልፍ ጫፍ ይጫረው፦ ኖራ ይፍረከረካል፣ ሲሚንቶ ቁልፉን ያደነዝዛል። ጎበዝ ኢንስፔክተር ይህን ሳይሞክር አይሄድም። የድሮ ቀለም ለማስለቀቅ በአሸዋ ግፊት ማጠብም ጡቡ በእቶን ያገኘውን ጠንካራ ቆዳ ይገፈዋል። የተበላሸውን ክፍል ብቻ፣ ኖራ በሚያውቅ ሰው አስጠግኖ ሌላውን እንዳለ መተው ዋጋውም ያንሳል፣ ለቤቱም ይሻላል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራተኛ ይጨመርበታል ብሎ ኮንትራክተር በሚከፍለው ከፍ ያለ ዋጋ ለመሸጥ የሚያስብ ካለ ተስፋውን ይቀንስ። ከመንገድ የሚታይ ጭማሪ በታሪካዊ ሰፈር በአብዛኛው አያልፍም፤ መታየት አለመታየቱን ለማወቅ ጣሪያው ላይ እንጨት ተተክሎ ከታች ይታያል። ማንም በማይፈልገው ጊዜ ገዝተው ሰፈሩን ላቆዩት ሰዎች ይህ ኪሳራ አይደለም ማለት ውሸት ይሆናል። ነው።

ቤዝመንቱ ሲከራይ ከኖረ ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛው ፈቃዱ ነው። ለኪራይ የቢዝነስ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ቤቱን «ሁለት መኖሪያ» ብሎ ለማስተዋወቅ ደግሞ ይህንኑ የሚል የኦኩፓንሲ ሰርተፊኬት (ቤቱ ለምን አገልግሎት እንደተፈቀደ የሚገልጽ ወረቀት)። ሁለተኛው ግብር ነው። ከአምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱን በቤቱ የኖረ ሰው ለብቻው 250 ሺህ፣ ባልና ሚስት 500 ሺህ ዶላር ትርፍ ከፌዴራል ግብር ነፃ ያገኛሉ። ይህ የገንዘብ ገደብ በ1997 ከወጣ ወዲህ በኑሮ ውድነት አልተስተካከለም፤ በ150 ሺህ ተገዝቶ በ1.1 ሚሊዮን ለሚሸጥ ቤት አይበቃም። የራሱ በርና ኩሽና ያለው የተከራየ ቤዝመንት ደግሞ ከነፃው ውጪ ሊቆጠር ይችላል። ጣሪያ የታደሰበትና ቦይለር የተቀየረበት ደረሰኝ ትርፉን የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው፤ በሻንጣ ውስጥም ቢሆን ይፈለግ። ከባልና ሚስት አንዱ ከሞተ፣ የቀረው በሁለት ዓመት ውስጥ ከሸጠ ባለ 500 ሺሁን መጠቀም ይችላል። ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

በብሉሚንግዴልና ሌድሮይት ፓርክ ስለ ጎርፍ መጠየቅ አይቀርም። በ2012 ክረምት ቤዝመንቶች ደጋግመው ተጥለቅልቀዋል። ከተማው ለዚሁ ያሠራው ትልቁ ዋሻ በ2023 ሥራ ጀምሯል። ፍሳሽ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ተገጥሞ ከሆነ የተገጠመበት ወረቀት ከአዲስ የኩሽና ድንጋይ በላይ ያሳምናል።

400 ሺህና ከዚያ በላይ በሆነ ሽያጭ ሻጩ በልማድ የሚከፍለው የዝውውር ታክስ 1.45 በመቶ ነው፤ በአንድ ሚሊዮን ላይ 14,500 ዶላር። የሪልተር ኮሚሽን ለድርድር ክፍት ነው፤ ከነሐሴ 2024 ወዲህ ለገዢው ሪልተር የሚከፈለው በሪልተሮቹ የጋራ ዝርዝር ላይ አይጻፍም።

ግሪን ካርዱን መልሶ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሻጭ ለአሜሪካ ግብር እንደ ውጭ ሰው ሊቆጠር ይችላል። ያኔ ዋጋው ከአንድ ሚሊዮን ካለፈ 15 በመቶው ይያዛል፤ ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላው ዋጋ። በ1.2 ሚሊዮን ሽያጭ 180 ሺህ ዶላር ማለት ነው። እውነተኛው ግብር ከዚያ ካነሰ፣ እንዲቀነስለት ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) የሚያመለክተው ከክሎዚንግ በፊት ነው። ለወንድሙ ወይም ለልጁ ውክልና የሚሰጥም ታይትል ካምፓኒው (የባለቤትነት ዝውውሩን የሚያስፈጽመው ድርጅት) የሚቀበለውን የውክልና ቅጽ አስቀድሞ ይጠይቅ። በዚያውም ስሙን ያስተያይ፦ ከሠላሳ ዓመት በፊት በቤቱ ሰነድ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው የአባት ስም አሁን ፓስፖርቱ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ቢለይ፣ ሁለቱም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ሳይፈረም ገንዘቡ አይለቀቅም።