«ታታሪ ነኝ» ያላለ ማን አለ?

ደሴ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ «ሲቪ ሥሩልኝ» በሉ። ልጁ ብዙ አይጠይቃችሁም። ትናንት ለሌላ ሰው የሠራውን ይከፍታል፤ ስም፣ ስልክና ዲፓርትመንት ይቀይራል፤ ያትማል። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫና የምቋቋም» የምትለዋን መስመር አይነካትም። በዚህ አያያዝ የከተማው ሥራ ፈላጊ ሁሉ ታታሪ ነው።

በሥራ ፈላጊው አልፈርድም። ወሎ ውስጥ ልጅ የሚያድገው ስለ ራሱ ማውራት ነውር መሆኑ እየተነገረው ነው። ለእንግዳ ይታዘዛል፣ ታላቅ ሲያወራ ዝም ይላል። ደግ አስተዳደግ ነው፤ እንዲጠፋም አልመኝም። ግን ቀጣሪ ፊት ቀርቦ «እስኪ ራስህን አስተዋውቀን» ሲባል ይቸገራል። ወይ ውጤቱን ተናግሮ ዝም ይላል፣ ወይ ከቴሌግራም የሸመደደውን እንግሊዝኛ ያነበንባል። ውጤት ደግሞ ብዙም አያስኬድም። ከ2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ አብሮት ወረፋ የያዘው ተመራቂም ያንኑ ፈተና አልፎ ነው የመጣው።

ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ሲቀጥር ከጠያቂዎቹ ጋር ተቀምጬ ነበር። ከሐይቅ የመጣ ልጅ የሸመደደውን ጀመረ። አንዱ ጠያቂ ሰልችቶት «ቤተሰብህ ምን ይሠራል?» አለው።

«አባቴ ወፍጮ ቤት አለው።»

«ሲበላሽ ማን ነው የሚሠራው?»

ልጁ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ቺንጋው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚበጠስ፣ ኩሽኔታው ሊሄድ ሲል ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማ፣ በገበያ ቀን ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው እየተነጫነጩ እንዴት እንደጠገነው ነገረን። ሲቪው ላይ ግን ስለ ወፍጮ አንድም ቃል የለም። ለምን ሲባል «እሱማ ሥራ አይደለም፣ አባቴን ማገዝ ነው» አለ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ሠራተኛን እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ ማቆየት ይፈቅዳል። ስለዚህ በአሥር ደቂቃ ሁሉንም ማስመስከር የለባችሁም፤ «እንሞክረው» ማሰኘት ይበቃል። ለዚያ አንድ በእጃችሁ የሠራችሁትን ነገር ንገሩ። ምን ተበላሽቶ ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ምን ሆነ።

«ዘመድ ከሌለህ ማን ይሰማሃል?» የሚለኝ አይጠፋም። ሐሰት ነው አልልም። ግን ዘመድ ያለውስ? አጎቱ ሄዶ «የእገሌ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው» ብሎ ይመለሳል። ስለ ወፍጮው ያልተነገረው አጎት ከዚህ ሌላ ምን ይበል?

ቀጣሪዎችም ቢሆኑ አያመልጡም። ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ለሚሠራ የጥገና ሥራ ልጁን በእንግሊዝኛ ማስጨነቅ ምን ይሉታል? «ራስህን አስተዋውቅ» ከማለት «በቅርቡ ምን ጠገንክ?» ብለው ቢጀምሩ፣ የሚፈልጉትን ሰው ከሰዓት በፊት ያገኙት ነበር።