ስለራራን ከፕሌይኦፍ ቀረን

ወገኖቼ፣ ሦስት ቀን ዝም ብያለሁ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም፣ አንጀቴ እርር ብሏል።

ልጄ እዚህ ዳላስ አካባቢ 12ኛ ክፍል ነው፣ ፉትቦል ይጫወታል። የአሜሪካኑን፣ ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበትን። መጀመሪያ አጥንቱን ይሰብሩብኛል ብዬ ወረቀቱን አልፈርምም ብዬ ነበር። አሁን ለዓርብ ማታ ጨዋታ ስል ሺፍት የማልለምነው ሰው የለም።

ለማታውቁት ላስረዳ። ቴክሳስ ውስጥ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ብዛት ከትንሹ 1ኤ እስከ ትልቁ 6ኤ ይከፈላሉ። ከዚያ ዲስትሪክት የሚሉት ምድብ ውስጥ ይገባሉ፣ ምድቡም በየ2 ዓመቱ ይበወዛል። በ6ኤ ከየምድቡ 4 ቡድን ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ወደ ጥሎ ማለፉ፣ ያልፋል። ከምድብ ውጭ ያሸነፋችሁት ለማለፍ አይቆጠርም። እሺ፣ ይሁን።

ዘንድሮ ለ4ኛዋ ቦታ ሦስት ትምህርት ቤቶች እኩል ወጣን። እኛ አንዱን አሸነፍን፣ እሱ ሌላውን በ3 ነጥብ አሸነፈ፣ ያኛው ደግሞ እኛን በ7። የምድቡ ኮሚቴ በሦስታችን መካከል ያለውን የነጥብ ልዩነት ደመረ። እኛ አገር የግብ ክፍያ እንደምንለው ነው።

አሁን ስሙኝ። ያሸነፍነውን ጨዋታ በመጨረሻው ኳርተር 27 ለ7 እየመራን ነበር። አሰልጣኙ ዋናዎቹን አስወጥቶ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የከረሙትን ልጆች አስገባ። አንዱ ትንሽዬ ልጅ ሄልሜቱ ሰፍቶት በእጁ እየደገፈ ሲሮጥ እናቱ አጠገቤ ቆማ ታለቅስ ነበር። ሁለት ተችዳውን (እንደ ጎል ነው፣ ከጭማሪው ጋር 7፣ 7 ነጥብ) ገባብን፣ 27 ለ21 አለቀ። ሁላችንም እያጨበጨብን ወጣን።

ያ 14 ነጥብ ነው የጣለን። በ6 አሸንፈን በ7 ስለተሸነፍን ድምሩ ከዜሮ በታች 1 ሆነ። 27 ለ7 ቢያልቅ ኖሮ አላፊዎቹ እኛ ነበርን! ታዲያ ለአሰልጣኞች ምን እያልናቸው ነው? የወደቀውን ልጅ እርገጡት? ለወንበር ልጆች አትራሩ?

ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉኝ። ፍሎሪዳ ውስጥ እኩል የወጡ ሦስት ቡድኖች ሰኞ ማታ አንድ ሜዳ ላይ ተገናኝተው አጫጭር ጨዋታ እየተጫወቱ የተለዩበት ጊዜ አለ። እርግጥ እዚሁ ቴክሳስ የባሰም ታይቷል፤ በ1988 ከኦዴሳና ከሚድላንድ ሦስት ትምህርት ቤቶች እኩል ወጥተው አንዱን ያስቀረው የሳንቲም ውርወራ ነው። ሜዳ እያለ፣ ልጆቹ እያሉ፣ ለምን ሳንቲምና ካልኩሌተር?

በኦገስት ፀሐይ ሲቃጠሉ የከረሙ ልጆች ናቸው። ሕልማቸው ዲሴምበር ላይ የስቴቱ ፍጻሜ የሚካሄድበት አርሊንግተን፣ የካውቦይስ ቡድን ስታዲየም መድረስ ነበር። ባይደርሱም ሜዳ ላይ ተሸንፈው ይቅሩ።

ቅዳሜ ጠዋት መልእክቱ ሲመጣ ቁርስ ላይ ነበርን። ልጄ አነበበው፣ ስልኩን በፊቱ ደፋው፣ ፍርፍሩን ሳይነካ ተነሳ። ሰኞ ሄልሜቱን ሊመልስ ሲሄድ፣ ቁጥሩ የተጻፈባትን ስቲከር በጥፍሩ ቀስ እያለ ልጦ ኪሱ ከተታት።